የቤት ውስጥ ድመት ምን ትብላ? ሪያድ ውስጥ ድመት ለምትጠብቁ እህቶች

ሪያድ ውስጥ ድመት ያለበት ቤት ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሯ የረዘመ፣ ፊቷ ጠፍጠፍ ያለ፣ ሰዎቹ «ሺራዚ» የሚሏት ናት። የገዛት ማዳም ወይም ልጇ ናት፤ የምትመግባት ግን አንቺ ነሽ። ውልሽ ላይ ስለ ድመት የተጻፈ ነገር የለም፣ ስትመጪም ማንም አልነገረሽም። ድመቷ የታመመች ቀን ግን መጀመሪያ «ምን ሰጠሻት?» ተብለሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ያለችው ድመት ደረቅ ምግቧን እያሸተተች ትታ ስትሄድ አዘንኩላት። ከከብሳው ዶሮና ሩዙን ከነሽንኩርቱ እየቆነጠርኩ ሰጠኋት። ደስ ብሏት በላች፣ እኔም ደስ አለኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ መነሳት አቃታት፣ ድዷ ነጣ፣ ሽንቷ ጠቆረ። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «በሰል አክለት?» ብሎ ነው፤ ሽንኩርት በልታለች ወይ ማለቱ ነው። ድመቷ ተረፈች። የሕክምናው ሂሳብ ግን ከደመወዜ ተቆረጠ። ክፋት አልነበረብኝም፣ የማላውቀው ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ውስጥ ድመት ጠብቄያለሁ፤ ሐኪሞቹን እየጠየቅኩ፣ ፓኬት እያነበብኩ ያወቅኩትን እዚህ አስቀምጫለሁ።

ድመት ከውሻም ከሰውም ትለያለች

አገራችን ድመት ትራፊ ትበላለች፣ የቀረውን አይጥና ወፍ አድና ትሞላለች። ለእሷ ዋናው ምግብ ያ አይጥ ነው፤ እኛ የምንሰጣት እንጀራ ተጨማሪ ነው። ሪያድ ያለችው ድመት ግን በር አይከፈትላትም፣ አይጥም አታገኝም። ሳህኗ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ከሌላ ቦታ አትሞላውም። ስለዚህ አንቺ የምታቀርቢው ምግብ ሙሉ መሆን አለበት።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ? እውነት ነው። ድመት ሥጋ መብላት የግዷ ነው። ውሻ ወይም ሰው ከእህልና ከአትክልት ብዙ ነገር ሠርቶ ሊኖር ይችላል፤ የድመት አካል ግን አንዳንዱን ነገር ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከሥጋ ብቻ ነው የሚያገኘው። ከእነዚህ ዋናው ታውሪን የሚባለው ነው። ታውሪን ሲያንስ ድመት ዓይኗ ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ልቧም ሰፍቶ ይደክማል። በ1987 አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች በልብ ድካም የሚሞቱ ብዙ ድመቶች የሚበሉት ምግብ ታውሪን እንደሚያንሰው አረጋገጡ፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ታውሪን መጨመር ጀመሩ። ቫይታሚን ኤም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከካሮት እናገኘዋለን፣ ድመት ግን ከካሮት መሥራት አትችልም።

ስለዚህ ሩዝ፣ ዳቦ፣ እንጀራ ለድመት ሆድ መሙያ ነው እንጂ ምግብ አይደለም። የውሻ ምግብም አይሆናትም፤ ለውሻ የሚበቃው ታውሪንና ፕሮቲን ለድመት አይበቃም። አንድ ቀን ብትቀምስ አትሞትም፣ በየቀኑ ግን ይጎዳታል።

ፓኬቱ ላይ ምን ትፈልጊ?

ማዳም «አንቺ አምጪ» ብላ ፓንዳ፣ ሉሉ ወይም ዳኑብ ብትልክሽ መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ ዊስካስ፣ ፍሪስኪስ፣ ሺባ፣ ሮያል ካኒን፣ ሌላም። ሥዕሉን አትመልከቺ፣ ጽሑፉን ተመልከቺ። አረብኛ ማንበብ ካልቻልሽ የስልክሽን ካሜራ መተርጎሚያ ተጠቀሚ፣ ወይም የቤቱን ልጅ አንዴ አስነብቢና ፎቶ አንስተሽ ያዢው። እነዚህን ቃላት እወቂ፦

- ጠዓም ቂጣጥ፦ የድመት ምግብ።
- ካሚል ወይም ሙተካሚል፦ ሙሉ ምግብ። ዋናው የምትፈልጊው ቃል ይህ ነው። ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ብቻውን ይበቃታል ማለት ነው።
- ሙከሚል ወይም ተክሚሊ፦ ተጨማሪ ምግብ። ድምፁ ከላይኛው ጋር ይመሳሰላልና እንዳትሳሳቺ። ይህ እንደ ማባበያ እንጂ እንደ ቀለብ አይሰጥም። ሥጋው ተቆራርጦ የሚታይባቸው አንዳንድ ቆንጆ ጣሳዎች ተጨማሪ ምግብ ናቸው።
- ሙከዊናት፦ ምን እንዳለበት የሚናገረው ዝርዝር። መጀመሪያ የተጻፈው በክብደት የበዛው ነው። ደጃጅ (ዶሮ)፣ ሰመክ (ዓሣ)፣ ለሕም (ሥጋ) ከፊት ቢሆን ጥሩ ነው።
- ብሩቲን፣ ዱሁን፣ ሩጡባ፦ ፕሮቲን፣ ስብ፣ እርጥበት።
- ባሊጋ፦ ለአዋቂ ድመት። ሰጊራ፦ ለግልገል። መንዚሊያ፦ ለቤት ውስጥ ድመት። ሙዐቀማ፦ እንዳትወልድ ለተደረገች።
- ታሪኽ አል ኢንቲሃእ፦ የሚያበቃበት ቀን። ከመግዛትሽ በፊት ሁልጊዜ እይው።

ስለ ፕሮቲን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። እርጥቡ ጣሳ ላይ 10 በመቶ፣ ደረቁ ላይ 32 በመቶ ተጽፎ ስታዪ ደረቁ የሚበልጥ ይመስልሻል። ግን እርጥቡ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃውን ቀንሰሽ አስቢው። እርጥቡ 80 በመቶ ውሃ ከሆነ የቀረው 20 ነው፤ 10 ለ20 ሲካፈል ግማሹ ማለትም 50 በመቶው ፕሮቲን ነው። ደረቁ 8 በመቶ ውሃ ካለው የቀረው 92 ነው፤ 32 ለ92 ሲካፈል ወደ 35 በመቶ ይመጣል። አፍኮ የሚባለው የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መለኪያ፣ ውሃው ተቀንሶ፣ ለአዋቂ ድመት ቢያንስ 26 በመቶ፣ ለግልገልና ለእርጉዝ ቢያንስ 30 በመቶ ፕሮቲን ይላል። ከዚያ በታች ከሆነ አትግዢው።

ውድ የሆነ ሁሉ የተሻለ አይደለም። «ሙሉ» የሚለው ያለበትና ለዕድሜዋ የሚሆን መካከለኛ ዋጋ ያለው ምግብ፣ ውድ ከሆነው ተጨማሪ ምግብ ይበልጣል።

ደረቅ ይሻላል ወይስ እርጥብ?

ሁለቱም «ሙሉ» እስከሆኑ ድረስ ይሆናሉ። ደረቁ ርካሽ ነው፣ ሳህን ላይ ቢቆይም ቶሎ አይበላሽም። ችግሩ ውሃ የለበትም፣ ጉልበት ሰጪነቱ ደግሞ ብዙ ስለሆነ ያወፍራል። እርጥቡ ውሃ ስለሚሰጣት ለኩላሊትና ለሽንት ቧንቧ ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ቶሎም ይበላሻል። ብዙ ቤት የሚቀላቀለው ለዚህ ነው፤ ጠዋትና ማታ እርጥብ፣ መሃል ላይ ተለክቶ ደረቅ። ወንድ ድመት ከሆነ እርጥቡ ቢበዛለት ይመረጣል፤ የወንድ የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ይዘጋል።

በቀን ስንት?

ከቤት የማትወጣ፣ እንዳትወልድ የተደረገች 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 200 ኪሎካሎሪ ይበቃታል። ፓኬቱ ላይ በ100 ግራም ስንት ኪሎካሎሪ እንዳለው ይጻፋል። በብዛት ደረቁ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400፣ አንዱ 85 ግራም የእርጥብ ከረጢት ደግሞ ከ60 እስከ 80 አለው። ስለዚህ በግምት፦

- ደረቅ ብቻ ከሆነ፦ በቀን ከ50 እስከ 55 ግራም።
- እርጥብ ብቻ ከሆነ፦ በቀን 3 ከረጢት ያህል።
- ድብልቅ ከሆነ፦ 1 ከረጢት እርጥብና 35 ግራም ደረቅ።

ይህ የአንድ ቀን ሙሉ ድምር ነው፤ በ2 ወይም በ3 ጊዜ ከፋፍለሽ ስጪ። ሳህኑን ሞልቶ ጥሎ መሄድ የሪያድ ድመቶችን ሁሉ አወፈረ። በማእድ ቤት ሚዛን አንዴ ለኪና አንድ ፊንጃን ላይ ምልክት አድርጊበት፤ ከዚያ ሁልጊዜ በእሱ ስፈሪ። ልጆቹም ደብቀው እንደሚሰጧት አትርሺ፤ ሁሉም ሰው ከአንድ ዕቃ ብቻ እንዲሰጥ ማዳምን ለምኚ።

ግልገል ከሆነች እስከ አንድ ዓመቷ የግልገል ምግብ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትብላ። ግልገልን አታስርቢ።

ወፍራም መሆኗን የምታውቂው በእጅሽ ነው። ጎኗን ስትዳስሺ የጎን አጥንቷ በቀላሉ ከተሰማሽ ደህና ናት። ገፍተሽ ካልፈለግሽ በቀር የማይሰማሽ ከሆነ ወፍራለች፤ ሳትነኪው ከርቀት የሚታይ ከሆነ ከስታለች። በወር አንዴ መዝኛት፤ አቅፈሻት ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ውጪና ቀንሺ። ወፍራለች ብለሽ ግን ምግቧን በአንዴ አታቋርጪ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

ውሃ

4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከምግቡም ከሳህኑም በቀን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ አትወድም፣ ኤሲ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አየሩን ያደርቀዋል። ውሃውን ሰፊ ሳህን ላይ፣ ከምግቡና ከአሸዋዋ ራቅ አድርገሽ፣ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪ። በየቀኑ ቀይሪው።

ወተት ውሃ አይተካም። አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች ወተት አይፈጭላቸውም፣ ያስቀምጣቸዋል። አገር ቤት ወተት እናጠጣ ነበር ብለሽ አትስጪ።

የማይሰጥ፣ በፍጹም የማይሰጥ

- ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት (በሰል፣ ሱም)፦ ጥሬውም፣ የበሰለውም፣ ዱቄቱም። የድመትን ደም ያፈርሳል። በአንድ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ይበቃል፤ ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ማለት ነው፣ ሁለት ማንኪያ የተከተፈ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ከምን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። ከብሳ፣ የእኛ ወጥ፣ የሾርባ ቅመም ኩብ ሁሉም ሽንኩርት አላቸው።
- ወይንና ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይ፣ ያልተጋገረ ሊጥ።
- የበሰለ አጥንት፦ ተሰብሮ አንጀት ይወጋል።
- ፓናዶል፦ አንድ የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ድመት ሊገድል ይችላል። አመማት ብለሽ የሰው መድኃኒት አትስጪ።
- ሊሊ የሚባለው አበባ፦ ቤት ውስጥ በስጦታ የሚመጣ ትልልቅ አበባ ነው። ቅጠሉም፣ ዱቄቱም፣ የቆመበት ውሃም ኩላሊቷን ያጠፋል። ድመት ያለበት ቤት ውስጥ መግባት የለበትም።
- የሰው ቱና ጣሳ በየቀኑ፦ ሱስ ይሆንባታል፣ ሙሉ ምግብም አይደለም። ጥሬ ዓሣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ 1ን ያጠፋባታል።
- ጉበት በየቀኑ፦ ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና አጥንቷን ይጎዳል። አልፎ አልፎ ትንሽ ብቻ።

ምግብ ካለቀና ሱቅ የሚወስድሽ ሰው ከሌለ ጨውም ቅመምም የሌለው፣ አጥንቱ የወጣ የተቀቀለ ዶሮ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ለአንድ ሁለት ቀን ስጪያት። ከዚያ በላይ አታስቆዪ፤ ዶሮ ብቻውን ካልሲየም ይጎድለዋል። እንደ ማባበያ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ተደምሮ ከቀን ምግቧ ከ10 እጅ አንዱን መብለጥ የለበትም።

ምግብ ስትቀይሪ

ማዳም ቅናሽ አይታ ሌላ ዓይነት ምግብ ገዝታ ብትመጣ በአንድ ቀን አትቀይሪ፤ ታስመልሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ አንቺም ስታጸጂ ትውያለሽ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውሰጂ። መጀመሪያ ከአራት እጅ አንዱን አዲስ፣ ከዚያ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት እጁን አዲስ፣ መጨረሻ ሙሉውን። ስለዚህ አሮጌው ሳያልቅ ለማዳም ንገሪያት።

ረመዳን ላይ ቤቱ ሁሉ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነሳል። የድመቷን ሰዓት ከአንቺ የሥራ ሰዓት ጋር አስተካክዪ፣ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ቤተሰቡ በክረምት ለእረፍት ሲወጣና ድመቷን ጥሎልሽ ሲሄድ ደግሞ ምግቡና አሸዋው ለስንት ቀን እንደሚበቃ ከመሄዳቸው በፊት ቁጠሪ፤ የሐኪም ቤቱን ስልክና ማን እንደሚከፍል ጠይቂ።

የሪያድ ሙቀትና ምግቡ

በጋ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የደረቅ ምግብ ከረጢት ሰገነት ላይ፣ ጣሪያ ላይ ባለ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ አታስቀምጪ፤ ስቡ ይበላሻል፣ ድመቷም ትጠላዋለች። በራሱ ከረጢት ውስጥ አፉን ጥብቅ አድርገሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሪ፣ ከተከፈተ በኋላ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ይለቅ። እርጥብ ምግብ ከተከፈተ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ይግባና በሁለት ቀን ይለቅ። ሳህን ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ጣይው። ከፍሪጅ ያወጣሽውን ለብ አድርገሽ ስጪ፤ ቀዝቃዛ ምግብ ስለማይሸታት አትበላም።

ሳህኑን በየቀኑ በሳሙና እጠቢና በደንብ አለቅልቂ። ውሃ ሲነካው ነጭ የሚሆን የጀርም ማጥፊያ ለድመት መርዝ ነው፤ በሳህኗ አትጠቀሚው።

ወዲያው መናገር ያለብሽ

ይህንን ክፍል በደንብ ያዢው። እዚህ ላይ ዝም ማለት ድመቷንም አንቺንም ይጎዳል።

- አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ልትሞት ትችላለች። «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መጠበቅ አይሠራም። ምግቧን በአንዴ አታቋርጪ ያልኩሽም ለዚህ ነው።
- ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ ቁጭ ብሎ ሽንት ካልወጣው፣ ከጮኸ። ቧንቧው ተዘግቷል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። ለነገ አይባልም።
- ድዷ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቷ ከጠቆረ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ደጋግማ ካስመለሰች።

በአረብኛ እንዲህ በዪ፦

- «ማማ፣ ቢሳ ማ ታኩል ሚን አምስ»፦ ድመቷ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም።
- «ቢሳ ማ ተቡል»፦ ሽንት አትሸናም።
- «ቢሳ ተርጅዕ»፦ ታስመልሳለች።
- «ላዚም ዒያዳ በይጠሪያ፣ ደሩሪ»፦ የእንስሳት ሐኪም ቤት ያስፈልጋል፣ አስቸኳይ ነው።

አንዳንድ ቤት ድመት «ገጥዋ» ይሏታል፤ እነሱ የሚሉትን በዪ።

በአፍ ከነገርሽ በኋላ በዋትስአፕም ላኪው። የሳህኑን ፎቶ፣ የድመቷን ፎቶ፣ «ከትናንት አልበላችም» የሚል የድምፅ መልእክት ይበቃል። ቀኑና ሰዓቱ ስልክሽ ላይ ይቀራል። ነገ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብትባዪ የምታሳዪው ነገር አለሽ። የድመት ምግብ በራስሽ ገንዘብ ከገዛሽም ደረሰኙን ፎቶ አንሺና ላኪላት፤ ሳይረሳ ይከፈልሽ።

ቤተሰቡ ስለ ድመት ማድረጉ ቅንጦት ብቻ አይምሰልሽ። በእስልምና ድመትን አስሮ ያስራበች ሴት እንደተቀጣች የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ብዙ ሰዎች በዚህ ያድጋሉ። ስለዚህ «ድመቷ አልበላችም» ስትዪ አብዛኛው ሰው ይሰማሻል።

ለራስሽም

ድመት ከነከሰችሽ ወይም ክፉኛ ከቧጨረችሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና ለማዳም ንገሪ፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ለጤና ምክር 937፣ ለአምቡላንስ 997 ነው። አሸዋዋን በየቀኑ በጓንት አጽጂ፣ እጅሽን ታጠቢ። እርጉዝ ከሆንሽ አሸዋውን ሌላ ሰው ያጽዳው፤ ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ ፅንስ ይጎዳል። ለድመቷ ጥሬ ሥጋ አለመስጠት ይህንንም ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ ሦስቱን ብቻ ብትይዢ እንኳን ይበቃሻል፦ ፓኬቱ ላይ «ሙተካሚል» የሚለውን ፈልጊ፣ ከሰው ድስት ምንም አትስጪ፣ አንድ ቀን ካልበላች ተናገሪና መልእክት ላኪ። እኔ ያን ቀን እነዚህን ሦስቱን ባውቅ ኖሮ ድመቷም አትታመም፣ ደመወዜም ሙሉውን አገር ቤት ይገባ ነበር። አዲስ ለመጣች እህትሽም ንገሪያት።